ቦንጋ ላይ አልጋ የሚያከራይ የለም

ሰኞ ንጋት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጅማው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን ይተፋል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሰው ሻንጣ እየረገጠ ያስራል። አንዲት ሴትዮ ከታች ሆነው «ኧረ ቀስ በል፣ እንቁላል አለው!» ይሉታል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ እንቁላል ጭኖ የሚሄድ ሰው በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ በብብቴ የያዝኩት ከእንቁላልም የባሰ ነገር ነበር። «መኝታ ለአጭር ጊዜ ለሚያከራዩ ግለሰቦች ፈቃድ ስለ መስጠትና ስለ መቆጣጠር የተዘጋጀ ረቂቅ መመሪያ» ይላል። ርዕሱን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ረጅም ነው ሲሉኝ «ጉዳዩም ረጅም ነው» እላለሁ።

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት በደርግ ዘመን ነው። ያኔ አላሳተምኩትም፤ ምክንያቱን አንባቢ እየቆየ ይረዳዋል። የዘመኑን ነገር ለማያውቅ ግን ትንሽ ላስረዳ። ትርፍ ቤት ተወርሷል። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው፤ ቤት ማከራየት የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ ሆኗል። በወር ስለሚከራይ ቤት ሁሉም ነገር ተጽፏል። መንገደኛ አንድ ሌሊት ስለሚያድርባት አልጋ ግን አዋጁ ያለው ነገር የለም። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ አዲስ የተመደበው አስተማሪ የት ይደር? መሥሪያ ቤቴ ይህን እንዳጠና ወደ ከፋ ላከኝ። እኔም ከመሄዴ በፊት መልሱን ጽፌ ጨርሼ ነበር። አንሶላው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ መጸዳጃው ከጉድጓድ ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የእንግዳው ስም የት እንደሚመዘገብ፣ ሁሉም አለበት። ስለ ቁንጫ ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ። የቀረኝ ሄጄ እውነቱ ከረቂቁ ጋር መስማማቱን ማየት ነው።

ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ምሳ። ጥብሱ ካለፈው ጉዞዬ በስሙኒ ጨምሯል፤ ሥጋው ደግሞ በዚያው ልክ ቀንሷል። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሹራቡ ይወልቃል፤ ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን እንሰለፋለን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ረቂቁን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ስለ አልጋ ነው።»

«አልጋ?» ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም ስለ ቁንጫ የሚለውን አንብበው በጣም ሳቁ። በወረቀቱ ሰው ሲደሰት ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ

ጅማ አድሬ በጠዋት ወደ ቦንጋ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ጋሽ በለጠ ይባላሉ፤ ጨውና ጨርቅ ይዘው ይገባሉ፣ ቡና ይዘው ይወጣሉ። ወፍራም፣ ድምፃቸው ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ናቸው። ጋቢና ውስጥ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ስኳር ይዘሃል?» አሉኝ።

«ስኳር ለምን?»

«ቦንጋ የት ነው የምታርፈው?»

«ሆቴል።»

«ሆቴል» አሉ ጋሽ በለጠ፣ ልጃቸው አውሮፕላን ነጂ ልሁን ያላቸው ይመስል። «ለማንኛውም ሁለት ኪሎ ስኳርና ጥቂት ሳሙና ያዝ። ሰው ቤት በባዶ እጅ አይገባም።»

«ኧረ ሆቴል ነው የምገባው እኮ።»

«ግዴለህም፣ ያዝ።»

ስኳር በቀበሌ ካርድ በሚሸጥበት ዘመን ጋሽ በለጠ በጓሮ በር የሚገቡበት ሱቅ ነበራቸው። የት እንደሆነ ዛሬም አልናገርም።

ከሸቤ በኋላ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ጎጀብ ወንዝ ድረስ እየሞቀን እንወርዳለን፣ ድልድዩን ተሻግረን እየበረደን እንወጣለን። ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው። ዛፉ ከላይ ተጋጥሞ መንገዱን ያጨልመዋል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ቀፎ ከረጃጅም ግንዶች ላይ ተሰቅሏል። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። አንድ ዳገት ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ። እኔም የመሥሪያ ቤት ጫማዬን አድርጌ ገፋሁ። ጋሽ በለጠ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «የመንግሥት ሰው ሲገፋ እንዲህ ነው!» እያሉ አበረታቱኝ።

ቦንጋ ወደ ማታ ገደማ ደረስን። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ነች፤ ጉሙ ታችኛውን ሰፈር ውጦት የቤቱ ቆርቆሮ ብቻ ይታያል። ፈቃድ ያለው ሆቴል አንድ ነው፣ እሱም የመንግሥት ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቴን በአክብሮት አንብበው በአክብሮት መለሱልኝ።

«አልጋ የለም ጓድ። ሴሚናር አለ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ይሄኛው ዓርብ ያልቃል። ቅዳሜ የሚቀጥለው ይገባል።»

«ከተማው ውስጥ ሌላ አልጋ የሚያከራይ የለም?»

«ቦንጋ ላይ አልጋ የሚያከራይ የለም። ክልክል ነው» አሉ ከፍ ባለ ድምፅ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው፣ ዝቅ አድርገው፣ «ዘመድ የለህም?» አሉኝ።

የለኝም አልኳቸው። ጋሽ በለጠ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «አለህ እንጂ፣ ና» ብለው ቦርሳዬን አነሱ።

የወሰዱኝ እትዬ የሺ ዘንድ ነው። እትዬ የሺ ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲያዩዋቸው ቀጭን ሲናገሩ ትልቅ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ባላቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ እትዬ ዋናው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከጀርባው ደግሞ ሁለት ክፍሎች አሉ። ክፍሎቹ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ አላቸው፣ ፊታቸው ጠባብ በረንዳ፣ ጓሮው እንሰት። ለእትዬ ደመወዝም ጡረታም እነዚያው ናቸው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ያየሁት በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ ሲለኩኝ ነው።

«እናትህ የየት አገር ሰው ናት?» አሉኝ። ስሜን አልጠየቁኝም።

«የሰላሌ።»

ፊታቸው በራ። «እኔም ሰላሌ ነኝ! ስሟ ማነው?»

«አስካለ።»

«እንግዲያው የእህቴ ልጅ ነህ። ግባ፣ ዝናቡ ገረፈህ።»

ስኳሩንና ሳሙናውን ጋሽ በለጠ ከእጄ ተቀብለው ለእትዬ ሰጡ። ስለ ዋጋ ያነሳ ሰው የለም። እኔ ላነሳ ስል ጋሽ በለጠ እግሬን ረገጡኝ።

አንደኛው ክፍል የሾፌሮች ነው። በሌላኛው ከአንድ የሂሳብ አስተማሪ ጋር ተዳበልኩ፤ ጀማል ይባላል፣ የጅማ ልጅ ነው፣ ወደዚህ ከተመደበ ሁለተኛ ዓመቱ። ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው። ቀበሌው ዘመድ ማሳደር ይፈቅዳል። ባዳ ማሳደር ግን ኪራይ ነው፤ ኪራይ ከተገኘ ክፍሎቹ ትርፍ ቤት ይባሉና ይወረሳሉ። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ዘመዳም ሆኗል። ጋሽ በለጠ የሟች ባላቸው ወንድም ናቸው። ሾፌሮቹ ዘንድ የሚያድረው የቡና ዋጋ ገማች የክርስትና ልጃቸው ነው።

«አንተስ? አንተ ሙስሊም ነህ።»

«እኔ የጡት ልጃቸው ነኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማር በጣታቸው አድርገው አልሰውኛል። በወጉ ነው የተደረገው።»

«አምነህበት ነው?»

«መጀመሪያ ለአልጋው ብዬ ነው። ባላቸው ሲሞቱ ግን ድንኳን የተከልነው እኛ ነን። ዘመድ ነን ብለን ተመዝግበን እንዴት እንቅር? ጋሽ በለጠ ሦስት ቀን መኪናቸውን አቁመው ተቀመጡ። ያለቀሱት ደግሞ የምር ነው» አለኝ።

ረቂቄ ላይ ስለ ለቅሶ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ረቡዕ፣ ቦንጋ

በጠዋት ወረቀቴን ይዤ ወደ ቀበሌው ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ አሰፋ የከፋ ተወላጅ ናቸው፤ ከቦንጋ አለፍ ብላ ባለችው ደካ ተወልደው ያደጉ፣ አስተማሪ የነበሩ፣ ረጋ ብለው ቃል እየመረጡ የሚናገሩ ሰው። ወረቀቴን ሲያነቡ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ክፉ ሰው እንዲሆኑ ጠብቄ ነበር፤ አልሆኑልኝም።

«ጓድ ጌታቸው፣ እኛ ባለሙያ ስንጠብቅ ነበር። እዚህ የቤት ችግር ከባድ ነው። መንግሥት አስተማሪ ይልክልናል፣ ማስገቢያ የለንም። አንዲት ሴት አለች፣ የሺ የምትባል። ሁለት ክፍል አላት። ታከራያለች። ማስረጃ ግን አጣሁ። አንተ አጥንተህ ኪራይ ነው ካልክ፣ ክፍሎቹን ወርሰን መምህር ጀማልን እናስገባበታለን።»

«መምህር ጀማል አሁን የት ነው የሚኖረው?»

«እዚያው ነው።»

«እዚያው... ክፍሎቹ ውስጥ?»

«አዎ። ግን ሕጋዊ አይደለም» አሉ ጓድ አሰፋ። «ከወረስን በኋላ ሕጋዊ ይሆናል።»

ሰውየው አልቀለዱም። እኔም አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ከረቂቄ አንቀጾች ግማሹ ይህንኑ ነው የሚሉት። ተከራዩ ከአልጋው አይነሳም፣ አልጋው ከቤቱ አይወጣም፣ የሚለወጠው ማኅተሙ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ስጽፈው በጣም የሠለጠነ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

«አንተስ የት አደርክ?» አሉኝ ድንገት።

«ዘመድ ቤት።»

«ጥሩ። ነገ ጠዋት እዚህ እንገናኝና አብረን ወደ የሺ ቤት እንሄዳለን። በባለሙያ ዓይን ይታይ።»

ቀኑን ሙሉ ከተማውን ዞርኩ፤ ወይም እግሬ ወሰደኝ ብል ይሻላል። ቁልቁለቱን ወርጄ ዳገቱን ወጣሁ። ጉልት ላይ ኮረሪማ በትንሽ በትንሽ ተደርድሯል፣ ማር በቅል፣ ቆጮ በቅጠል። መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ዝናብ አብስሶት ፊደሉ ወደ ታች ፈሷል። ሁሉም ሰው ሰላም ይለኛል። ሁለት ሰው «የእትዬ የሺ የእህት ልጅ አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አንዷ አክላ «እናትህ እንዴት ናት?» አለችኝ። ደህና ናት አልኩ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ። በዚያ ዘመን ለቀበሌ መዋሸት በወቀሳ የሚያልፍ ጥፋት አልነበረም።

ስመለስ ለእትዬ የሺ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማን እንደላከኝ፣ ምን እንደጻፍኩ፣ ነገ ማንን ይዤ እንደምመጣ። ጎመን እየከተፉ ነበር፤ ቢላቸው አላቆመም።

«እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉ።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ አንሶላው ተስማሙ። ስለ ቁንጫው «እውነት ነው፣ ይሄ ደህና ነው» አሉ። የአልጋ ዋጋ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ የሚለው ላይ ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉ። ፈቃድ ያለው አከራይ ማንኛውንም መንገደኛ ሳይመርጥ ይቀበላል የሚለው ላይ ስደርስ ቢላው ቆመ።

«ማንኛውንም?»

«አድልዎ እንዳይኖር ነው እትዬ።»

«እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ዛሬ ዓይኑን ያልወደድኩት ሰው ሲመጣ ዘመዴ አይደለህም ብዬ እመልሰዋለሁ። ሰክሮ ለሚመጣው ዘመዴ አይደለህም እለዋለሁ። ፈቃድ ካወጣሁ ምን ልለው ነው?»

ይህን ጥያቄ ያነሳ ሰው በስብሰባዎቻችን ላይ አልነበረም፤ ስብሰባዎቻችን ላይ ብቻዋን የምትኖር ሴትም አልነበረችም።

«ፈቃድ ቢያወጡ ክፍሎቹን ማንም አይነካብዎትም ነበር» አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

«ልጄ፣ እስከዛሬም የጠበቀኝ ዘመዴ ነው። ነገ ይዘሃቸው ና፤ አትፍራ» አሉኝና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።

ሐሙስ፣ እትዬ የሺ ቤት

ጓድ አሰፋ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎችና እኔ ሆነን ወረድን። በሩን እትዬ ከፈቱ። ጀማል ወደ ትምህርት ቤት ሊወጣ ጫማውን ያስራል፤ ጋሽ በለጠ በረንዳው ላይ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ጓድ አሰፋ ገና ሰላም ሳይሉ እትዬ እኔን ትከሻዬን ይዘው «ምነው ልጄ፣ ቁርስ ሳትበላ ወጣህ?» አሉኝ።

ጓድ አሰፋ ዞረው አዩኝ።

«ዘመድ ቤት ያልከኝ ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ምንህ ናት?»

«አክስቴ ናት። የእናቴ እህት።» ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማኝ።

«የእናትህ አባት ማን ይባላሉ?»

«ወልዴ።»

«የሺ ደግሞ የሺ ደምሴ ነች» አሉ ጓድ አሰፋ፤ አስተማሪ ሆነው የተማሪ ስህተት ሲያገኙ እንደነበረው ድምፃቸው ለሰለሰ። «እህትማማቾች እንዴት ሆኑ?»

እትዬ ግን እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው «በእናት ነዋ የምንገናኘው» አሉ።

በዚያች አንዲት ቃል፣ በሕይወቷ ከሰላሌ ወጥታ የማታውቀውን አያቴን ሌላ ባል አጋቧት። ነፍሷን ይማርና ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም። ጓድ አሰፋ ግን የሰው እናት ላይ ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር ሆነባቸውና ወደ ቤት ገቡ። መደርደሪያው ላይ ስኳሩን አዩት።

«ይሄስ? ኪራይ አይደለም?»

«የእህቴ ልጅ ከጅማ በባዶ እጁ ይምጣ?» አሉ እትዬ፣ በእውነት ተቆጥተው። «ጓድ አሰፋ፣ እርስዎ ደካ እናትዎ ዘንድ ሲሄዱ ምን ይዘው ነው የሚሄዱት?»

ከጥበቃዎቹ አንዱ «ጨው» አለ በእሳቸው ፋንታ፤ የአንድ አገር ልጆች ነበሩ።

ጓድ አሰፋ ወደ እኔ ዞሩ። «ጓድ ጌታቸው፣ እኔ የጠራሁህ በባለሙያነትህ ነው። መመሪያ የምትጽፈው አንተ ነህ። እስቲ ንገረኝ፣ እዚህ ቤት ኪራይ አለ ወይስ የለም?»

ሁሉም እኔን ያያል። አለ ብል ክፍሎቹ ከምሳ በፊት ይታሸጋሉ፤ እትዬ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። የለም ብል በባለሙያነቴ ዋሽቻለሁ፤ ለዚያ ደግሞ ከሥራ መባረር ትንሹ ቅጣት ነው። ረቂቄ ብዙ ነገር ይተረጉማል። አልጋ ምን እንደሆነ፣ ክፍል ምን እንደሆነ፣ ሌሊት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት እንደሆነ። ዘመድ ማን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አይልም።

«የዝምድና ጉዳይ ስላለብኝ እዚህ አስተያየት መስጠት አልችልም» አልኩ። «ጥናቱ አዲስ አበባ ሲጠናቀቅ ውሳኔው ይገለጻል።»

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጓድ አሰፋ ዓረፍተ ነገሩን ቀዳዳ እየፈለጉለት አሰቡ፤ አላገኙም።

በር ላይ ግን እጄን ይዘው ለብቻዬ ወሰዱኝ። «ለኃላፊህ ስልክ እደውላለሁ። እሱ ኪራይ ነው ካለ እወርሳለሁ። በእኔ አትፍረድ፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሁለት አስተማሪ ይመጣብኛል፣ የት ላድርጋቸው?»

«እትዬ የሺን ይጠይቁላቸው» ልል አሰብኩና ተውኩት። ሳስበው ግን እሳቸውም ይህንኑ ሳያስቡት አልቀሩም፤ ሲሄዱ አንዴ ዞር ብለው ክፍሎቹን አዩዋቸው።

ቅዳሜ፣ መልስ

ወደ ደካና ወደ ቢታ ገነት የመሄድ እቅዴ በዝናብ ቀረ፤ መንገዱ ተቆርጧል ተባለ። የተቆረጠ መንገድ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም። ቢታ ገነትም ስንት አክስት ሊኖረኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ጋሽ በለጠ ቡና ጭነው ሲጨርሱ እትዬ የሺ በቅጠል የተጠቀለለ አንድ ቅል ማር አመጡ። ስንት ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ያን ያህል ተምሬያለሁ።

«ለእህቴ ስጥልኝ» አሉ፤ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጋሽ በለጠ እንዳያዩኝ ወደ ጫካው ዞርኩ። ስለ እትዬ አዘንኩ፣ ለእሳቸውም ፈራሁ፤ ክፍሎቹን ለማዳን አዲስ አበባ ላይ ምን እንደምል ግን ጎጀብን ስንሻገርም አላወቅኩም።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ጊቤ ላይ ተበላሽቶ ወልቂጤ አድረን ስለነበር ቦርሳዬንና ቅሌን እንደያዝኩ በቀጥታ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊዬ ይጠብቀኝ ነበር። አብሮ አደጌ ነው፤ በአንድ ሰፈር አድገን በአንድ መሥሪያ ቤት ተገናኘን፣ እሱ በርከት ያለ ስብሰባ ስለሚወድ ከእኔ በላይ ሆነ። በሩን ዘጋው።

«ከቦንጋ ስልክ ተደውሎ ነበር። ጥናትህ ምን ይላል? አልጋ የሚያከራዩ ስንት ግለሰቦች አገኘህ?»

«አንድም።»

«ሆቴሉ ሞልቷል ብለውኛል። ታዲያ አንተ የት አደርክ?»

«አክስቴ ቤት።»

ጠረጴዛውን በብዕሩ መታ መታ አደረገ። «ጌታቸው፣ እማማ አስካለን የማላውቅ መሰለህ? እጃቸው ላይ ነው ያደግኩት። እህት የላቸውም።»

«አሁን አላት» አልኩት። «ቦንጋ ነው የምትኖረው።»

እሱ ዘንድ ሥልጣኑ አለ፣ እኔ ዘንድ ፍርሃቱ። ግን ደግሞ እናቴ እሱንም በልጅነቱ ጥፋት ሲሠራ «የኔ ልጅ ነው፣ አትንኩት» ብላ ከጎረቤት ዱላ ያስጣለችው ስንት ጊዜ ነው። ይህን ያስብ አያስብ አላውቅም። ብቻ ረቂቁን ከፊቱ አነሳና ቦንጋ የሚለውን ከጥናቱ ከተሞች መካከል ሰረዘው።

«አጥኚው ዘመድ ባለበት ከተማ ጥናት አይካሄድም። የአሠራር ጉዳይ ነው፤ እንደዚሁ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «ክፍሎቹም ባሉበት ይቆያሉ። አሁን ውጣልኝ።»

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቅሉን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ፈታ አድርጋ አሸተተችው፣ በጣቷ ቀመሰችው፣ ከማን ነው አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀበሌውን፣ ክፍሎቹን፣ የራሷ እናት ሳታውቀው ያገባችውን ባል ሳይቀር። በእናቷ ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እናቴ ግን ምስሯን ወደ ጎን አድርጋ ብዙ አሰበች።

«ለመሆኑ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ታላቄ ናት ወይስ ታናሼ?»